ማግኔቱ ብረቱን መለሰ፣ ፓላዲየሙስ?

ጥያቄው የአንዲት የማስተርስ ተማሪ ነው፣ አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ማግኔታይት ናኖፓርቲክል በኮፕረሲፒቴሽን ሰርቼ ላዩ ላይ ፓላዲየም ጫንኩበት። ሱዙኪ ሪአክሽን ላይ፣ በውሃና ኢታኖል፣ በፖታሲየም ካርቦኔት፣ 80 ዲግሪ ላይ ለሦስት ሰዓት ስሞክረው የመጀመሪያው ዙር 96 በመቶ ይልድ ሰጠኝ። እስከ ሦስተኛው ዙር ያው ነው፣ አራተኛው ላይ 83፣ አምስተኛው ላይ 60 ገባ። ካታሊስቱ ግን ሁሌም በማግኔት ሙሉ በሙሉ ይሰበሰባል፣ ሶሉሽኑ ጥርት ይላል፣ ስለዚህ እየጠፋ አይደለም። በሲሊካ ብሸፍነው ይስተካከላል ወይ? ደግሞስ በማግኔት ስለሚመለስ ግሪን ካታሊስት ብዬ ቴሲሴ ላይ መጻፍ እችላለሁ?»

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ፦ ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን የሚያፋጥን ነገር ነው፣ ሱዙኪ አሪል ሃላይድና ቦሮኒክ አሲድ የሚባሉ ሁለት የካርቦን ሞለኪውሎችን በፓላዲየም አማካኝነት የሚያጣምር ሪአክሽን ነው፣ ማግኔታይት በማግኔት የሚሳብ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ኮፕረሲፒቴሽን የብረት ጨዎችን በቤዝ አብሮ ማዝቀጥ ነው፣ ይልድ ደግሞ ይገኛል ከተባለው ፕሮዳክት በእጅ የገባው ድርሻ ነው። «ስለዚህ እየጠፋ አይደለም» ካልሽው ልጀምር፣ ምክንያቱም ዋናው ችግር እዚህች አረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያለው። ማግኔቱ የሚይዘው ማግኔታይቱን ነው እንጂ ፓላዲየሙን አይደለም። ፓላዲየም በእጅ ማግኔት የሚሳብ ሜታል አይደለም፣ አብሮ የሚመጣው ማግኔታይቱ ላይ ተጣብቆ እስካለ ድረስ ብቻ ነው፣ አንዴ ከለቀቀ ማግኔቱ ምንም ሊያደርገው አይችልም። ሶሉሽኑ ጥርት ማለቱ የሚነግርሽ ጥቁሩ ዱቄት መሰብሰቡን ብቻ ነው። እስቲ ሂሳቡን እንየው፦ 100 ሚሊግራም ካታሊስት ብትጠቀሚና ክብደቱ 2 በመቶ ፓላዲየም ቢሆን ያለሽ ፓላዲየም 2 ሚሊግራም ነው። ከዚህ 5 በመቶው ቢሟሟ 100 ማይክሮግራም፣ በ10 ሚሊሊትር ሶልቨንት ውስጥ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አስር) ገደማ ይሆናል፣ ይሄን ደግሞ በዓይን ማየት አይቻልም። ፕሮዳክትሽ 200 ሚሊግራም ቢሆንና ያ ሁሉ የተሟሟ ፓላዲየም ከሱ ጋር ቢሄድ ግን ፕሮዳክቱ ውስጥ 500 ፒፒኤም ሆነ ማለት ነው። ለንጽጽር ያህል፣ ዓለም አቀፉ የመድኃኒት ንጽሕና መመሪያ በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት የሚፈቅደው ፓላዲየም በቀን 100 ማይክሮግራም ነው፣ በቀን 10 ግራም ለሚወሰድ ነገር ስታሰይው 10 ፒፒኤም ይመጣል። ስለዚህ ጥርት ያለ ሶሉሽን ማስረጃ አይደለም፣ ማስረጃ የሚሆነው የአይሲፒ (በጣም ትንሽ የሜታል መጠን የሚለካ መሣሪያ) ቁጥር ነው።

አሁን ፓላዲየሙ ለምን ይለቃል የሚለው። ብዙ ሰው ሪአክሽኑ ጠጣሩ ላይ ብቻ እንደሚካሄድ፣ ፓላዲየሙ እዚያው ተቸንክሮ ቁጭ እንዳለ አድርጎ ነው የሚያስበው። ሱዙኪ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እንደዛ አይደለም። አሪል ሃላይዱ መጥቶ ከፓላዲየም ዜሮው (ከሜታሉ) ጋር ሲጣመር ፓላዲየም ሁለት (ሁለት ኤሌክትሮን የሰጠ ፓላዲየም) ይሆናል፣ ይሄ ደግሞ ሶሉሽን ውስጥ መሟሟት የሚችል ነገር ነው፣ ስለዚህ ከላይኛው ገጽ እየተነሳ ይወጣል፣ የሪአክሽኑን ዑደት ሶሉሽን ውስጥ ይጨርሳል፣ ከዛ አሪል ሃላይዱ እያለቀ ሲመጣ ፓላዲየም ዜሮ ሆኖ ተመልሶ ማግኔታይቱ ላይ ያርፋል። ወጥቶ መመለስ ነው። ይሄ ሁለት መዘዝ አለው። አንደኛ፣ ሪአክሽኑ ካለቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ሶሉሽኑን ለአይሲፒ ብትልኪ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ምክንያቱም የወጣው ተመልሷል፣ አንቺ ግን «አልተሟሟም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሁለተኛ፣ ሲመለስ የተነሳበት ቦታ ላይ አይደለም የሚያርፈው፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ የፓላዲየም ክሪስታሎች ላይ ይጨመራል፣ ትንንሾቹ እየጠፉ ትልልቆቹ እያደጉ ይሄዳሉ። መጀመሪያ 3 ናኖሜትር የነበረ ፓላዲየም 15 ቢደርስ አንዲትም ሚሊግራም ሳትጠፋ ላዩ ላይ ያለው፣ ለስራ የሚገኘው አተም በጣም ይቀንሳል። ይልድ ብቻ እያየሽ «ጠፋብኝ» እና «አደገብኝ» የሚሉትን ሁለት ነገሮች መለየት አትችዪም፣ መፍትሄያቸው ግን የተለያየ ነው።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ፣ ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ከቦሮኒክ አሲዱ የሚቀር ነገር፣ ጨውና ፕሮዳክቱ ራሱ ላዩን ሊሸፍነው ይችላል፣ ይሄ በውሃና በኢታኖል ደህና አድርጎ በማጠብ ይመለሳል። በየዙሩ ስታጥቢ 5 በመቶ ዱቄት ብቻ ቢያመልጥሽ አምስተኛው ዙር ስትጀምሪ የቀረሽ 81 በመቶ ነው፣ ስለዚህ በየዙሩ የደረቀ ክብደት ሳይሆን በትንሽ ናሙና የብረት መጠን መከታተል ይሻላል። እንዲሁም በየዙሩ መሀል ኦቨን ውስጥ እያደረቅሽ ከሆነ አቁሚ። ናኖፓርቲክል ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ከዛ በአልትራሳውንድ ብታናውጪውም እንደነበረው አይበተንም። ማግኔታይት ደግሞ አየር ውስጥ ሲሞቅ ወደ ማግሄማይት (ሌላ የብረት ኦክሳይድ) ይቀየራል፣ ጥቁሩ ወደ ቡናማ ሲሄድ የምታዪው ይሄንን ነው፣ ማግሄማይትም በማግኔት ስለሚሳብ ልዩነቱን በማግኔት አታውቂውም፣ ተራ ኤክስአርዲም (ክሪስታልን በኤክስሬይ የሚመረምረው) ሁለቱን በደንብ አይለያቸውም፣ ሞስባወር (የብረት አተሞችን ሁኔታ የሚያሳይ ስፔክትሮስኮፒ) ነው በትክክል የሚለየው። ከዚህም በላይ ካሞቅሽው ሄማታይት ይሆናል፣ ያኔ ማግኔቱ ራሱ ይተውሻል።

አሁን 96፣ 96፣ 96 ወደሚለው ልምጣ፣ ምክንያቱም በዚህ ዘርፍ በየጊዜው ከሚወጡት ጽሑፎች ብዙዎቹ ላይ የማየው ስህተት ይሄ ነው፣ ያሳስበኛልም። ሪአክሽኑ በአዲስ ካታሊስት በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ቢሆንና አንቺ ሁሌ ሦስት ሰዓት ብትተዪው፣ የካታሊስቱ ጉልበት ወደ አንድ ስድስተኛ ወርዶም ያው 96 ይሰጥሻል። ማለትም ካታሊስቱ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እየሞተ ሊሆን ይችላል፣ አራተኛው ዙር ላይ የታየሽ ትርፍ ሰዓቱ ስላለቀ ብቻ ነው። ስለዚህ «ለሦስት ዙር ሳይቀንስ ሰርቷል» የሚለው አባባል ከዚህ ዳታ አይወጣም። መለካት ያለበት ፍጥነቱ ነው፦ በየዙሩ በ5፣ በ10፣ በ20 ደቂቃ ትንሽ ትንሽ ናሙና ውሰጂ፣ ኮንቨርዥኑ (ከሪአክታንቱ የተለወጠው ድርሻ) ገና 30 ወይም 40 በመቶ አካባቢ እያለ ዙሮቹን አወዳድሪ። ያኔ ስዕሉ ሌላ ሆኖ ታገኚዋለሽ፣ ደስ ላይል ይችላል ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሳልጠይቅሽ የማላልፈው ሌላ ነገር ደግሞ ባዶ ሙከራዎቹን ሰርተሻል ወይ የሚለው ነው። ያለ ምንም ካታሊስት፣ ፓላዲየም በሌለው ማግኔታይት፣ እና በአዲስ ማማሰያ። ሱዙኪ እጅግ በጣም ትንሽ ፓላዲየም ይበቃዋል። ኒኮላስ ሌድቢተርና ባልደረቦቹ በ2003 ያለ ሜታል የሚሄድ ሱዙኪ አገኘን ብለው አሳትመው ነበር፣ በ2005 ራሳቸው ተመልሰው ሲመረምሩ የተጠቀሙበት ሶዲየም ካርቦኔት ውስጥ 50 ፒፒቢ (ከቢሊዮን ሃምሳ) አካባቢ ፓላዲየም እንደነበረና ስራውን የሰራው እሱ እንደሆነ አሳወቁ። ራስን እንዲህ በአደባባይ ማረም ትልቅ ነገር ነው፣ ለኛም የቀረልን ትምህርት ባዶ ሙከራ ሳይሰሩ ስለ ካታሊስት መናገር እንደማይቻል ነው። ያረጀ፣ የተቧጨረ የቴፍሎን ማማሰያም ከበፊት ስራ የቀረ ፓላዲየም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ በአኳ ሪጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ካልታጠበ አትመኚው።

ስለ ማማሰያ ከተነሳ፣ ማግኔቲክ ስተረር ነው የምትጠቀሚው አይደል? እኔ ይሄን ጉዳይ መጀመሪያ የተረዳሁት ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሮቼ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያሉ ካስቸገሩኝ በኋላ ነው፣ ለካስ ካታሊስቱ ግማሹ ማማሰያዋ ባር ላይ እንደ ፀጉር ተለጥፎ ነው የሚሽከረከረው፣ ሶሉሽኑ ውስጥ የተበተነው የቀረው ብቻ ነበር። በማግኔት የሚሳብ ካታሊስትን በማግኔት ማማሰል ራሱ ስህተት ነው። ከላይ በሞተር የሚዞር ሜካኒካል ስተረር ተጠቀሚ፣ ከሌለ ደግሞ ሙቀት ያለው ሼከር። ይሄን ሳታስተካክዪ የምትለኪው ፍጥነት ዋጋ የለውም።

የፓርቲክሉ መጠን ጉዳይም አለ። ማግኔታይት ከ20 እስከ 30 ናኖሜትር ገደማ በታች ሲሆን ሱፐርፓራማግኔቲክ ይሆናል፣ ማግኔቱ ሲቀርብ ይሳባል፣ ሲነሳ የራሱ ማግኔትነት ስለማይቀርበት ተመልሶ ይበተናል፣ የምንፈልገውም ይሄንን ነው። ግን የመሳብ ኃይሉ ከቮልዩሙ ጋር ነው የሚሄደው፣ ማለትም 10 ናኖሜትር የሆነ ፓርቲክል 100 ናኖሜትር ከሆነው አንድ ሺህ ጊዜ ባነሰ ኃይል ነው የሚሳበው፣ ለብቻው ከሆነ የሶልቨንቱ ሞለኪውሎች ግፊያ ያሸንፈውና በእጅ ማግኔት በቀላሉ አይሰበሰብም። ያንቺ በሰከንዶች ተጠራርጎ የሚሰበሰብ ከሆነ ወይ ተጣብቆ ትልልቅ ጓል ሆኗል ወይ መጀመሪያውኑ ትልቅ ነው። በፍጥነት መሰብሰቡን እንደ ጥሩ ምልክት ብቻ አትቁጠሪው፣ በአምስተኛው ዙር ከመጀመሪያው ዙር ይልቅ ቶሎ የሚሰበሰብ ከሆነማ መጣበቁን እየነገረሽ ነው። ጥሩው መሀከለኛ መንገድ ትንንሾቹ ክሪስታሎች ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር በሆነ ክላስተር ተሰብስበው ሲሰሩ ነው፣ በሶልቮተርማል መንገድ (በተዘጋ ዕቃ ሶልቨንት ውስጥ በማሞቅ) ይሄንን ማግኘት ይቻላል።

እንግዲህ ሲሊካው። ሲሊካ ማግኔታይትን የሚጠብቀው በዋናነት ከአሲድ ነው፣ ባዶ ማግኔታይት አሲድ ውስጥ ይሟሟልና። ከ1968 ጀምሮ በስቶበር ስም በሚታወቀው ዘዴ በኢታኖልና አሞኒያ ውስጥ መሸፈኑም ቀላል ነው፣ ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ወደዛ የሚሮጠው። ያንቺ ሪአክሽን ግን አሲድ አይደለም፣ ቤዝ ነው፣ ያውም በውሃ ውስጥ በ80 ዲግሪ። ሲሊካ ደግሞ ትኩስ ቤዝ ውስጥ ራሱ ይሟሟል፣ ፒኤች ከ9 ወይም ከ10 ካለፈ እየባሰበት ይሄዳል። ማለትም ፓላዲየሙን ሲሊካው ላይ አስረሽ ሲሊካው ሲሄድ ፓላዲየሙም አብሮ ይሄዳል፣ ችግሩን ሁለት አደረግሽው ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ባዶ ሲሊካ ፓላዲየምን አጥብቆ አይዝም፣ ወይ አሚን (ናይትሮጅን) ወይ ታዮል (ድኝ) ያለው ሳይሌን (ሲሊካ ላይ የሚጣበቅ አገናኝ ሞለኪውል) መጨመር አለብሽ፣ ታዮሉ በደንብ ይይዛል ግን በጣም ስለሚይዝ ስራውን ሊያቀዘቅዘው ይችላል። ፓላዲየሙን ከጫንሽ በኋላ ከላይ ሲሊካ ማልበስም አለ፣ ሽፋኑ በቂ ቀዳዳ ከሌለው ግን ሪአክታንቱ ፓላዲየሙ ጋር አይደርስም። ሲሊካ መጥፎ ነገር ነው እያልኩ አይደለም፣ አሲድ በሚያስፈልገው ኮንደንሴሽን ላይ ወይም በደረቅ ኦርጋኒክ ሶልቨንት ውስጥ እኔም እመርጠዋለሁ፣ ያንቺ ሁኔታ ውስጥ ግን ቦታው አይደለም።

ያንቺ ሁኔታ ውስጥ የሚያዋጣው ናይትሮጅን ያለበት የካርቦን ወይም የፖሊመር ሽፋን ነው። ፖሊዶፓሚን አለ፣ ዶፓሚኑን ፒኤች 8.5 በሆነ በፈር (ፒኤችን የሚያጸና ሶሉሽን) ውስጥ አየር እያገኘ ስታማስዪው ራሱ ማግኔታይቱ ላይ ይለበሳል፣ ናይትሮጅኑና ኦክስጅኑ ፓላዲየሙን ይይዙታል፣ ስራውም በክፍል ሙቀት ነው፣ በውሃ ነው። ለጠንካራ ቤዝ ግን እሱም ዘላለማዊ አይደለም፣ ካርቦኔት ይችላል፣ በትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጎዳል። ጠንከር ያለ ከፈለግሽ ያንኑ ፖሊዶፓሚን ናይትሮጅን ጋዝ ስር አሙቀሽ ወደ ካርቦን ቀይሪው፣ ፓላዲየሙን ከዛ በኋላ ጫኚ፣ ሙቀቱን ግን አታብዢው ምክንያቱም ከልክ ሲያልፍ ካርቦኑ የማግኔታይቱን ኦክስጅን ነጥቆ ወደ ተራ ብረት ይለውጠዋል። ይሄ ሁሉ ግን ፓላዲየሙ ወጥቶ መመለሱን ሙሉ በሙሉ አያስቆመውም። ይቀንሰዋል፣ ሲመለስም ብዙ ማረፊያ ቦታ ስለሚያገኝ እድገቱን ያዘገየዋል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልሽ ሰው ካለ የሆት ፊልትሬሽን (ቀጥሎ የምገልጸው ሙከራ) ዳታውን ጠይቂው።

የኔ ምክር እንግዲህ ግልጽ ነው፦ ሲሊካውን ተዪው፣ ማንኛውንም ሽፋን ከመስራትሽ በፊት ደግሞ አሁን ያለሽ ካታሊስት ምን እንደሆነ እወቂ። ሆት ፊልትሬሽን ስሪ፣ 80 ዲግሪ ላይ እያለ፣ ኮንቨርዥኑ 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን፣ በሞቀ ሲሪንጅ ፊልተር ሶሉሽኑን ለይተሽ ቤዝ ጨምረሽበት ሌላ ብልቃጥ ውስጥ በዛው ሙቀት ቀጥዪ፣ ሪአክሽኑ ያለ ጠጣሩም ከቀጠለ ስራው ሶሉሽን ውስጥ እየተሰራ ነው። በማግኔት ብቻ አትለዪ፣ ያልተሰበሰበ ጥቃቅን ፓርቲክል ካለፈ ያሳስትሻል፣ ደግሞም ተራ ኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ጉልበቱን ያጣል፣ አንቺ ደግሞ እዚያው ወሰኑ ላይ ነሽ። ሪአክሽኑ ካቆመ ደግሞ ደስ ይበልሽ ግን አትቸኩዪ፣ በማጣሪያው ጊዜ ፓላዲየሙ ተመልሶ አርፎ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ከዛው ትኩስ ሶሉሽን ላይ ናሙና ወስደሽ ለአይሲፒ ላኪ። ጠጣሩንም በአኳ ሪጂያ አሟሙተሽ ከመጀመሪያውና ከአምስተኛው ዙር የፓላዲየም መጠኑን አስለኪ። ሜርኩሪ ጠብ አድርጎ የመፈተን ልማድ አለ፣ እሱን አታድርጊ፣ መርዝ ነው፣ ውጤቱም አከራካሪ ነው።

ሁለት የደህንነት ነገር። ፓላዲየም የተሸከመ ዱቄት ደርቆ ሳለ ሜታኖል ወይም ኢታኖል ሲነካው ሊቀጣጠል ይችላል፣ በተለይ ሃይድሮጅን ላይ ከሰራሽበት በኋላ፣ ስለዚህ እርጥብ አድርገሽ ያዢው፣ አልኮል መጨመር ካለብሽ ዱቄቱን ቀድመሽ አስገቢ፣ አልኮሉን በናይትሮጅን ስር አስከትዪ። ፓላዲየሙን በሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ወደ ሜታልነት የምትመልሺ ከሆነ ደግሞ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፣ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ በፍጹም አይሆንም።

ግሪን የሚለው ቃል ላይ። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 ያስቀመጧቸው መርሆዎች 12 ናቸው፣ ካታሊስት መጠቀም ከነሱ ዘጠነኛው ብቻ ነው። ሮጀር ሼልደን በ1992 ያቀረበው ኢ ፋክተር ደግሞ ለአንድ ኪሎ ፕሮዳክት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ በመድኃኒት ስራ ከ25 እስከ 100 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፣ አብዛኛው ክብደት ደግሞ ሶልቨንት ነው። ስለዚህ ራስሽን ጠይቂ፦ በየዙሩ ካታሊስቱን ሦስት ጊዜ በኢታኖል ታጥቢያለሽ፣ ፕሮዳክቱን በኢታይል አሲቴት ታወጪያለሽ፣ ከዛ ፕሮዳክቱን በምታጠሪበት ኮለም ላይ ሌላ ሶልቨንት ታፈሺያለሽ። ጥቂት ሚሊግራም ፓላዲየም ለማዳን ግማሽ ሊትር ሶልቨንት ከደፋሽ ማግኔቱ ምን አተረፈ? ካታሊስቱን ለመስራት የሄደውም ሁሉ መቆጠር አለበት፣ ለአምስት ዙር ሲካፈልና ለሃምሳ ዙር ሲካፈል አንድ አይደለም። ማግኔት እውነተኛ ጥቅም አለው፣ ናኖፓርቲክል ማጣሪያ ወረቀት ይደፍናል ወይ ያልፈዋል፣ በማግኔት ግን ካታሊስቱ ከብልቃጡ ሳይወጣ፣ አየር ሳያገኘው፣ ሳይደርቅ ሶሉሽኑን ብቻ ቀድተሽ አዲስ ሪአክታንት ትጨምሪበታለሽ። ይሄን ጻፊ። «በማግኔት የሚመለስ» ብለሽ ጻፊ፣ «ግሪን» የሚለውን ግን የኢ ፋክተሩን ቁጥር ማጠቢያ ሶልቨንቱን ጨምረሽ አስልተሽ፣ ከተራው ፓላዲየም በካርቦን ጋር አወዳድረሽ ያነሰ ሆኖ ካገኘሽው ብቻ። ካላነሰም ቴሲሱ አይወድቅም፣ ለምን እንዳላነሰ ካስረዳሽ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ዙሮቹን እንደገና መስራትሽ ስለማይቀር ከያንዳንዱ ዙር በኋላ 2 ሚሊግራም የምትሆን ካታሊስት ኢታኖል ውስጥ አስቀሪ። የመጀመሪያውንና የአምስተኛውን ጎን ለጎን ቴም (የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ) ስታሳዪው ፓላዲየሙ አድጎ ከሆነ እዚያው ይታያል፣ የፓርቲክሎቹ ስፋት ያው ሆኖ ብዛታቸው ከቀነሰ ደግሞ ወጥቶ ቀርቷል። ፕሮዳክትሽንም ለኤንኤምአር (ሞለኪውሉን በማግኔት መስክ የሚለይ ምርመራ) ከመላክሽ በፊት በአጭር የሲላይት (የማጣሪያ ዱቄት) ዓምድ አሳልፊው፣ ትንሽ ማግኔታይት ከቀረ መስመሮቹን ያሰፋቸዋል፣ ይልዱን ከኤንኤምአር እያወጣሽ ከሆነም 96 ያልሽው ቁጥር ራሱ ትክክል ላይሆን ይችላል።